ሳያነቡ መጥቀስ ይብቃ

የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ ቶሎ ብዬ የምገልጠው ምዕራፍ ሁለትን ነው። ሊትሬቸር ሪቪው የሚባለውን፣ ቀድሞ የተጠናው የሚቃኝበትን። አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደተጻፈ ያስታውቃል። ጎግል ላይ ቀድሞ የመጣና በነፃ የሚወርድ ፒዲኤፍ ተከፍቷል። አብስትራክቱ (አጭር ማጠቃለያው) ታይቷል። ከእሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ተወስዶ የጸሐፊው ስምና ዓመቱ በቅንፍ ገብቷል። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ታልፏል።

ጉዳዩ የማርክ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር። ግን እነዚህ ልጆች ነገ ወረዳ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ድርጅት ውስጥ ተቀምጠው ማን በእርዳታ ይታቀፍ፣ ማን ከእርዳታ ይውጣ በሚለው ላይ ሐሳብ የሚሰጡ ናቸው። የተሳሳተ ንባብ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው የአንድ ቤተሰብ ቀለብ ላይ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን፣ ቀለብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጠውን ሴፍቲኔት እንውሰድ። ስለ እሱ ብዙ የሚጠቀሱ ሁለት ጥናቶች አሉ። አንዱ በ2009 ጆርናል ኦፍ ዴቨሎፕመንት ስተዲስ ላይ ወጣ። ፕሮግራሙ በአማካይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው ይላል። ሌላው በ2014 ኢኮኖሚክ ዴቨሎፕመንት ኤንድ ካልቸራል ቼንጅ ላይ ወጣ። አምስት ዓመት የታቀፉ ቤተሰቦች፣ አንድ ዓመት ብቻ ክፍያ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የችግር ወራታቸው ከአንድ ወር በላይ አጥሯል ይላል። የቸኮለ ተማሪ ለሐሳቡ የሚመቸውን አንዱን ይመርጣል። ወይም ሁለቱንም ጠቅሶ «ተመራማሪዎች አልተስማሙም» ብሎ ያልፋል።

ግን የመጀመሪያውን ጥናት የሠሩት ሦስቱ ተመራማሪዎች በሁለተኛውም ላይ ስማቸው አለ! ከራሳቸው ጋር አልተጣሉም። የመጀመሪያው ጥናት ያየው የፕሮግራሙን ጅምር ነው፤ ያኔ ሰዎች እጅ የደረሰው ከታቀደው በጣም ያነሰ ነበር። ከታቀደው ቢያንስ ግማሹን ያገኙት ላይ ግን በአንዳንድ መለኪያዎች መሻሻል ታይቷል፤ ይህም እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ደግሞ ለዓመታት የቆዩትን ለአጭር ጊዜ ከታቀፉት ጋር አነጻጸረ። ሁለቱን አብሮ ያነበበ ሰው ትልቅ ነገር ያገኛል፤ እርዳታው በበቂ መጠን መድረስና መቆየት አለበት። ይህ የሚገኘው ማን ከማን ጋር እንደተነጻጸረ፣ መቼ፣ ስንት ተቀብሎ እንደሆነ ከተጠየቀ ብቻ ነው። እኔ አንድ ጽሑፍ ሳነብ ከመደምደሚያው በፊት የአሠራር ክፍሉን የማየው ለዚህ ነው።

ፍለጋውም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስለ እድር የሚሠራ ተማሪ «ብዙ ጥናት የለም» ሲል ሰምቻለሁ። እድርን በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ ዲ፣ ሌላው በሁለት ዲ፣ ሌላው ደግሞ በአይ ፋንታ በኢ ጀምሮ ይጽፈዋል። በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የፈለገ ሰው ሌላው ጋ ያለው ሊያመልጠው ይችላል። እቁብም እንደዚያው ነው። ደህና ጽሑፍ አንዴ ከተገኘ በኋላ ጎግል ስኮላር ላይ ከሥሩ ያለውን፣ እሱን የጠቀሱ ጽሑፎች የሚዘረዘሩበትን መስመር መጫን ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የደገፉት ወይም ያረሙት እዚያ ይገኛሉ። የአፍሪካ ጆርናሎችን ኤጆል የሚባለው ድረ ገጽ ሰብስቧቸዋል። በክፍያ ከተቆለፉት ብዙዎቹን ደግሞ ሪሰርች ፎር ላይፍ ለእኛ አገር ተቋማት በነፃ ይከፍታል፤ የይለፍ ቃሉን ላይብረሪ ሄዶ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የራሳችን ጥናት ጥቂት መሆኑ የታሪክም ጣጣ አለበት። የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1959 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ ዳግም የተከፈተው በ2004 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት መጻፍ የነበረበት ብዙ ነገር ሳይጻፍ ቀርቷል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ድረ ገጽ ላይ ያሉትን የመመረቂያ ጽሑፎች የምንንቅበት ምክንያት የለም። እንደ ጆርናል ጽሑፍ በውጭ ገምጋሚዎች አላለፉም፤ በጥንቃቄ ይነበቡ። ግን የሰፈሩ ሰው ድምፅ ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

በተቃራኒው ጆርናል የሚል ስም ሁሉ አይታመንም። በጥቂት ቀን ውስጥ እናትምልሃለን ብሎ በኢሜይል የሚለምን፣ የአርታኢዎቹ ማንነት የማይታወቅ፣ ከምሕንድስና እስከ ነርሲንግ ሁሉን የሚያትም ከሆነ መራቅ ነው። ማስከፈሉ ብቻ ግን ጥፋት አይደለም፤ ደህና የሆኑትም ያስከፍላሉ።

ዲፓርትመንቶች ሁለት ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። አንደኛ፣ ተማሪው የት እንደፈለገ፣ በምን ቃላት እንደፈለገ፣ ምን አግኝቶ ምኑን ለምን እንደጣለ የሚያሳይ አንድ ገጽ ከፕሮፖዛሉ ጋር ይያያዝ፣ ማርክም ይኑረው። ሁለተኛ፣ ዲፌንስ ላይ ፈታኙ ከዋቢ ዝርዝሩ ሦስት ጽሑፎችን ይምረጥና ይጠይቅ፦ እነዚህ ሰዎች መረጃውን ከማን፣ እንዴት ሰበሰቡ? ያነበበ ተማሪ ለመመለስ ደቂቃ አይፈጅበትም።