ቡና በውል

ላይፕዚግ በምትባል የጀርመን ከተማ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ አረጋውያን ማቆያ ከምትኖር አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ጋር ቡና እጠጣለሁ። መዝናኛዬ እንዳይመስላችሁ። ፈርሜ የገባሁበት ግዴታ ነው። ውል አለኝ። ኢንሹራንስ አለኝ። ወንጀለኛ አለመሆኔን የሚገልጽ የመንግሥት ወረቀት አለኝ። ደሞዝ ብቻ ነው የሌለኝ።

ለእናቴ ስነግራት መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ሄሎ? እማዬ?"

"አለሁ። ቡና ለመጠጣት ነው የተቀጠርከው?"

"አልተቀጠርኩም። በጎ ፈቃደኛ ነኝ።"

"አይከፍሉህም ማለት ነው?"

"አይከፍሉኝም።"

ትንሽ አሰበችና፣ "የቡናውንስ ማን ነው የሚከፍለው?" አለች።

ወሬው በማግስቱ ዋሽንግተን ገባ። እዚያ ያለው አጎቴ በኔ ጉዳይ የመናገር ሙሉ መብት አለው። ጀርመን ለተማሪ ቪዛ ከመስጠቷ በፊት የዓመት ቀለብህን በዝግ ሂሳብ አስቀምጠህ አሳየኝ ትላለች፤ 11,904 ዩሮ። ገንዘቡ በስምህ ነው፤ ግን በወር 992 ዩሮ እየቆነጠሩ ነው የሚሰጡህ። ያን ያስቀመጠልኝ አጎቴ ነው። ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ያጠራቀመው ነው።

"ተማሪ በዓመት 140 ቀን ሠርቶ መብላት ይችላል ብለኸኝ አልነበር?" አለኝ።

"ይችላል።"

"ታዲያ አውሮፓ ድረስ የላክንህ የሰው አሮጊት ልታጫውት ነው? የራስህ አያት እዚህ ማን አጫወታቸው?"

እውነቱን ነው፤ መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ሰማሁት።

ግን ፍረዱኝ። የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሞልታችሁ ታውቃላችሁ? "ማኅበራዊ ተሳትፎ" የምትል ባዶ ቦታ አለች። እዚያ ጋ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል። ሀገሬ እያለሁ የእድር ድንኳን ተክዬ ነቅያለሁ። ለሰርግ ሽንኩርት ስልጥ አልቅሻለሁ። ለቀብር አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ ሰፈር ለሰፈር ዞሬያለሁ። ማስረጃ ሲሉኝ ግን ምንም የለኝም። የእድራችን ዳኛ ማኅተም አላቸው፤ እሱም የሚመታው መዋጮ ያልከፈለ ሰው ስም ላይ ነው።

ጀርመኖች ደግሞ በበጎ ፈቃድ ነገር የዋዛ አይደሉም። አብዛኛው የእሳት አደጋ ተከላካያቸው ደሞዝ የለውም፤ ቤትህ ሲቃጠል እየሮጠ የሚመጣው የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ሊሆን ይችላል። ድሮ ጠመንጃ አልይዝም ያለ ጎረምሳ በወታደርነት ፈንታ አረጋውያን ማቆያ እየሄደ ሽማግሌ ይረዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የግዳጅ ውትድርናው ሲቆም እነዚያ ጎረምሶችም አብረው ቀሩ። መንግሥት በምትካቸው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አቋቋመ። ሽማግሌዎቹ ግን አልቀነሱም። እንግዲህ እኔ የገባሁት በዚያ ክፍተት ነው።

ለነጻ ሥራ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። የበጎ ፈቃደኞቹ አስተባባሪ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "ለምን መርዳት ፈለግህ?" አለችኝ። እኛ ሀገር ይህን የሚጠይቅ ሰው የለም። "ና ያዝ!" ይሉሃል፣ ትይዛለህ፣ አለቀ። ክረምቱ ረዝሞብኝ ነው ልል ነበር፤ ግን "ከትውልዶች መማር እወዳለሁ" አልኩ። ደስ ብሏት ጻፈችው። ከዚያ የፖሊስ ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ለሥራ የሚፈልገው ሰው 13 ዩሮ ይከፍልበታል፤ ለበጎ ፈቃደኛ በነጻ ነው። ለአጎቴ ይህን እንደ ጥቅማ ጥቅም ቆጥሬ ነገርኩት። አልሳቀም።

ከወረቀቶቹ ሁሉ ያስደነገጠችኝ የመጨረሻዋ ናት። ቡና ላይ የሰማሁትን ለማንም እንዳልናገር የሚያስፈርም ወረቀት። እስቲ አስቡት! ቡና ላይ የተሰማ ወሬ ከቡናው እንዳይወጣ! ይሄ ሕግ የኛ ሰፈር ቢመጣ ጀበና ሁሉ ጾሙን ያድራል። እናቴና ጎረቤቶቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሙሉ ይታሰራሉ፤ እስር ቤትም ውስጥ ቡና ያፈላሉ።

እና ስለ አሮጊቷ ብዙ አልነግራችሁም። በሆዴ እማማ ነው የምላቸው፤ እንደዚያው እንጥራቸው። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን የኛ ልጆች ለትምህርት ላይፕዚግ ይመጡ ነበር። እማማ ያን ጊዜ ከነዚያ አንዱን ያውቁት ነበር። በደንብ ነው የሚያውቁት። ከዚህ በላይ መናገር አልችልም፤ ፈርሜያለሁ።

እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። "ስሙን ብቻ ንገረኝ። የማን ልጅ ነው? ተመልሶ መጥቷል?" የእድሩ ሴቶች በእድሜና በመልክ እያሰሉ ሦስት ሰው ጠርጥረዋል። ከሦስቱ አንዱ የሞቱ ናቸው፤ ባለቤታቸው ግን አሉ፤ ሰሞኑን ቡና አልጠራም ብለዋል አሉ።

የሰዓት ነገርም አለ። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 2 ሰዓት የተባለ ትምህርት 2 ከሩብ ነው የሚጀምረው። ከጥንት የቆየ ልማድ ነው፤ በመላው ጀርመን የሐበሻ ቀጠሮ በይፋ የሚከበርበት ቦታ ቢኖር ይሄው ነው። እማማ ግን ዩኒቨርሲቲ አይደሉም። ቀጠሯችን 9 ሰዓት ነው። አንድ ቀን ትራሙ ዘግይቶ 9 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ ደረስኩ። ለካ አስተባባሪዋ ጋ ደውለው "ልጁ ሞቷል ወይ?" ብለዋል።

ቡናው ራሱ? ተዉት። ላይፕዚግ ያለችበት የሳክሶን ግዛት ሰዎች የራሳቸውን ቡና ያሙታል፤ ከመቅጠኑ የተነሣ በሲኒው ሥር የተሳለችው አበባ ትታያለች ይላሉ። እኔ አበባዋን ብቻ ሳይሆን የፋብሪካውን ማኅተም አንብቤያለሁ። ሐኪም ስለከለከላቸው ደግሞ ካፌይኑ የወጣለት ነው። ከኬክ ጋር ይቀርባል። ኬኩ ጥሩ ነው፤ ሐቁን እንናገር።

የዶርሜ ጎረቤት ጀርመናዊ ነው። 18 ዓመት ሲሞላው ለአንድ ዓመት ጋና ሄዶ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ስልኩ ውስጥ ከሕጻናት ጋር የተነሣው ፎቶ ተቆጥሮ አያልቅም። አንዱን ልጅ አንገቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሌላው ጸጉሩን ሲነካካ። "ትምህርት ቤቱን ቀለም ቀባን" አለኝ። ከናንተ በፊት ግድግዳው ምን ይመስል ነበር ብዬ ስጠይቀው፣ "ያምና በጎ ፈቃደኞች ቀብተውት ነበር" አለ። ልጁ ደግ ነው፣ ሩዝ ሲሠራ ያካፍለኛል። እኔም በተራዬ ከእማማ ጋር ፎቶ ልነሣ አልኩ፤ እናቴም አጥብቃ ጠይቃለች። አስተባባሪዋ ክው አለች። የእማማ የጽሑፍ ፈቃድ፣ የልጃቸው ፈቃድ፣ ፎቶው የት እንደሚውል መግለጫ። የጋና ሕጻናት ይሄን ፎርም ሞልተው ይሆን? ጎረቤቴን ጠየቅሁት፤ ሩዙን ማማሰል ቀጠለ።

በመጨረሻ እማማ "የእናንተን ቡና አሳየኝ" አሉ። ማሳየት ቀላል መሰላችሁ? ክፍል ውስጥ የጢስ ጠቋሚ አለ፤ ቡና ቆልተህ እጣን ካጨስክ የእሳት አደጋ መኪና ከነዳቦ ጋጋሪው ይመጣል። እናቴ ነገሩ አልገባትም። አዲስ አበባና ላይፕዚግ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እህትማማች ከተሞች መሆናቸውን ነግሬያት ነበርና፣ "እህት ቤት ቡና ለማፍላት ፎርም?" አለች።

ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የማቆያው ግቢ ውስጥ ተፈቀደልኝ። እጣን አይቻልም ተባለ። የካምፒንግ ምድጃ ላይ መጥበሻ ጣድኩ። ቡናው ሲንጣጣ በረንዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ በተሽከርካሪ ወንበር ሦስት። መጥበሻውን ይዤ እየዞርኩ ጢሱን አሸተትኳቸው፤ አንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለተኛ ዙር ጠየቁ። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ከኋላዬ ትከተላለች። አቦሉን በግማሽ ሲኒ ፈቀደች፤ ቶናና በረካ ተከለከሉ። እማማ ሲኒያቸውን ዘቅዝቀው ሥሩን ፈለጉና "እዚህ አበባ ቢኖርም አይታይም" አሉ።

ያ ቀን ለእናቴ ትልቅ ድል ነው። አሁን ቡና እየላከች ነው፣ ጥሬውን። ጀርመን የተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2 ዩሮ ከ19 ሳንቲም ቀረጥ ትጥላለች፤ ጥሬው ላይ ግን የለም። እናቴ ይህን ያወቀችው ከኔ ቀድማ ነው።

አጎቴም ለዘብ ብሏል። ባለፈው ሲደውል "ሴትየዋ ደህና ናቸው?" አለ፣ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያ ተማሪ ግን ማነው?" አለኝ።

ትናንት ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ስልኩን ከእናቴ ተቀበሉ። ልጃቸው ኮሌጅ ጨርሶ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። በዚያ በመንግሥቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በኩል ቪዛ ይወጣለት እንደሁ ጠየቁኝ። የኪስ ገንዘብም እንደሚሰጡ ሰምተዋል። ልምድ አለው ወይ አልኳቸው።

"ምን ነካህ ልጄ!" አሉ። "ከጡት እንደወረደ ቡና ላይ አይደል ያደገው? ቁርሱን ያዞራል፣ ሲኒ ያጥባል፣ ወሬም ይሰማል።"

ማመልከቻውን እየሞላሁለት ነው። ወሬ የምትለዋን አልጻፍኳትም።