ኡቶፐስ እቁባችንን ቢያይ

ቅዳሜ ከሰዓት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ተሰብስበናል። የእቁብ ቀን ነው። የድሬ ሙቀት ገና አልበረደም፤ ሻያችን ግን በክርክር ምክንያት በረደ።

ነገሩን ያመጣችው አስተማሪዋ ናት። ቶማስ ሞር የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1516 በላቲን ያሳተመውን ዩቶፒያ የተባለ መጽሐፍ እያነበበች ነበር። የሌለች ደሴት፣ የሌለ ሕዝብ፣ ከሐሳብ የመነጨ ሃይማኖት። «ስሙኝማ» አለችን። እዚያ አንዱ ፀሐይን ያመልካል፣ አንዱ ጨረቃን። አብዛኛው ግን በሰው አእምሮ የማይደረስበት አንድ አምላክ አለ ብሎ ያምናል። ኡቶፐስ የሚባለው ንጉሥ ደሴቲቱን በጦር ሲይዝ ሰዎቹ በሃይማኖት እየተናቆሩ ነበር። ያሸነፋቸውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ወዲያው ሕግ አወጣ፦ ሁሉም የፈለገውን ይመን፣ ሌላውን በጨዋ ቃል ያሳምን፣ ስድብና ጉልበት ግን ክልክል። ቤተ መቅደሱ የጋራ ነው፤ የማንንም እምነት የሚነካ ነገር አይነገርበትም። የራሱ ሥርዓት ያለው ቤቱ ይፈጽማል። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ይገባል። ውስጡም ሆነ ተብሎ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ብርሃን ሲበዛ ሐሳብ ይበተናል ይላሉ።

«አቦ! ይሄማ ድሬ ነው!» አለ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ።

ድሮ ምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩት ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም ልጄ። እነሱ ልዩነቱን ቤት ቆልፈውበት ነው የሚወጡት። እኛ ሰርግ ስንደግስ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ የሙስሊሙ ለብቻ። ድስቱም ለየብቻ ይጣዳል። ማንም የራሱን አይደብቅም። ሙሽራዋን ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚሸኛት።»

«ሰው ሲጣላ ድስት አያስታርቅም ጋሼ» አለ ልጁ። «ሕግ ነው የሚያስታርቀው።»

አስተማሪዋ አንድ ታሪክ ጨመረችለት። እዚያች ደሴት አንድ ሰው ክርስትና ተነሥቶ ሳይቆይ አደባባይ ወጣ። የሌላው እምነት ርኩስ ነው፣ ተከታዮቹም የዘላለም እሳት ይጠብቃቸዋል ብሎ መስበክ ጀመረ። ወዳጆቹ ተው ቢሉት አልሰማ አለ። ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ ከአገር ተባረረ። ክሱም ሃይማኖት ሰደብክ ሳይሆን ሕዝብ አወክ የሚል ነበር። «ደግ አደረጉ!» አለ ልጁ። ጋሼ ደግሞ «ሰው በአፉ ብቻ ከአገሩ ይነቀላል እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

«እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው» አለች አስተማሪዋ። «በየወሩ መጨረሻ ከበዓሉ በፊት ሚስት ባሏ እግር ስር ወድቃ ጥፋቷን ትናዘዛለች፣ ልጆችም ለወላጆቻቸው። ባልየውስ ለማን ይናዘዛል?» መልስ የሰጠ የለም። እውነቷን ነው።

ከዚያ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ነፍስ ከሥጋ ጋር ትሞታለች የሚል ሰው በኡቶፐስ አገር ሹመት አያገኝም። አይገረፍም፣ አይገደልም። ከካህናት ጋር መከራከር ይችላል፣ ሕዝብ ፊት ግን አይፈቀድለትም። ምክንያቱ ደግሞ ይህ ነው፦ ከሕግ ሌላ የሚፈራው ነገር የሌለው ሰው፣ በስውር ሕጉን ከማታለል ምን ያግደዋል?

ሁላችንም ሳናስበው ወደ እቁብ ዳኛችን ዞርን። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም እንደማይሄድ ሁሉም ያውቃል። አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ ብር ይቆጥራል። ጎኑ ያ ደብተሩ አለ፤ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ፣ ገጹ በእርሳስ ምልክት የተሞላ። ከእቁብተኞቻችን አንዷ ከእቁቡ ውጭ ትንሽ ትንሽ ብር እሱ ዘንድ ታስቀምጥ ነበር። ልጆቿ እንኳን አያውቁም። ስታርፍ ያን ደብተር ይዞ ቤቷ ሄደና ሳንቲም ሳያጎድል ቆጠረላቸው። እኛም የሰማነው ከልጆቿ ነው።

«ሕግ ግን ለብዙኃኑ ነው የሚወጣው» አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሱን መሳይ ስንት አለ?»

ዳኛው ቀና አለ። «ጋሼ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር አለኝ የሚል ሰው ሲሰርቅ አይተው አያውቁም?» አለና ቆጠራውን ቀጠለ።

እኔ የምጾም የምጸልይ ሰው ነኝ። የኡቶፐስን ሕግ ግማሹን ወድጄዋለሁ፤ ማንም በእምነቱ አይነካ የሚለውን። ሁለተኛው ግማሽ ግን ስህተት ነው እላለሁ። ሰውን በእጁ ሥራ ሳይሆን ከሞት በኋላ በሚጠብቀው ነገር ይመዝነዋል። ይህ አጥር የት እንደሚያደርስ የሞር የራሱ ሕይወት ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1532 የእንግሊዝ ከፍተኛ ባለሥልጣን በነበረበት ጊዜ መናፍቃን የተባሉ ሰዎች በእሳት ተቃጥለዋል። እሱም በ1535 ንጉሡን የቤተ ክርስቲያን ራስ ብሎ ባለመቀበሉ አንገቱ ተቀላ። እምነት የሹመት መመዘኛ ከሆነ መዛኙ ሲቀየር ሚዛኑም ይቀየራል።

ማምሻውን ለሚቀጥለው ዙር ዳኛ መረጥን። እጄን ያወጣሁት ለእሱ ነው። ጋሼም አወጡ።