ማሽኑ ምን ያውቃል?

የጌም ውድድር አዘጋጅቶ የማያውቅ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ቴሌቪዥኑን ትሰካለህ፣ ጆይስቲክ ታድላለህ፣ ነጥቡን ማሽኑ ራሱ ይቆጥራል፣ ብዙ ያገኘ ይሸለማል። እንዲህ የሚያስብ ሰው ኮሚቴ አያውቅም ማለት ነው። እኔም አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ዓይኔ በራ።

ቦታው ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲኬድ ካሉት አዳራሾች አንዱ ነው። የእህቴ ልጅ ከ3 ጓደኞቿ ጋር ተመዝግባ ስለነበር እኔም ቦርሳ ተሸካሚ ሆኜ ተከተልኳቸው። ጥሪው "ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት" ይላል። 3፡00 ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጆቹና ባነሩ ነን። ባነሩ ላይ በትልልቁ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የስፖንሰሮች አርማ ተደርድሯል። ጥግ ላይ፣ ቦታ ከተረፈ ተብሎ ይመስለኛል፣ የጌሙ ስም አለ።

በጌሙ ምርጫ ላይ ኮሚቴው ብዙ እንደተጨነቀ በመክፈቻው ንግግር ተነግሮናል። (በ4ኛው የመክፈቻ ንግግር ማለቴ ነው።) መጀመሪያ የታሰበው ኢት ቴክስ ቱ ነበር አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ፣ ብቻዬን ልጫወት ብትል የማይሆንልህ ጌም ነው። ግን ታሪክ ነው፤ ቡድኖችን አወዳድር ብትባል ቶሎ የጨረሰውን ከመምረጥ በቀር ብዙ መለኪያ የለህም። ሰዓት ደግሞ ከኮሚቴው ጋር እንደማይስማማ እስከ ቀኑ 6፡00 ድረስ ቁጭ ብለን አይተናል።

ስለዚህ ኦቨርኩክድ 2 ተመረጠ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የወጥ ቤት ጌም ነው። እስከ 4 ሰው በአንዲት ጠባብ ኩሽና ይራወጣል። አንዱ ይከትፋል፣ አንዱ ይጥዳል፣ አንዱ ያቀርባል፣ አንዱ ሳህን ያጥባል። ድስቱን ጥዶ የረሳ ኩሽናውን በእሳት ያያይዛል። የታዘዘውን በየተራው ያቀረበ ቲፑ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጊዜው ያለፈበት ትእዛዝ ነጥብ ያስቀንሳል። ማን ስንት ሽንኩርት ከተፈ ብሎ ማሽኑ አይጠይቅም። በመጨረሻ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩም የቡድኑ ነው።

በዚህ ውድድር ተጋጣሚ ፊት ለፊት የለም። ሁሉም በተራው እዚያው ኩሽና ይገባል፣ ቁጥሮቹ ይነጻጸራሉ። 8 ቡድን፣ ሁለት ዙር፣ አንዱ ከነመቀያየሩ 5 ደቂቃ ቢፈጅ 80 ደቂቃ ነው። የእኛ ኮሚቴ ይህንኑ እስከ ምሽቱ 12፡30 አደረሰው። ቀላል ችሎታ እንዳይመስላችሁ።

ኮሚቴው የማሽኑን ነጥብ ከ100 እንደ 40 ያዘው። 30 ለዳኞች፣ 30 በቴሌግራም ለተሰበሰበ ላይክ። ዳኞቹ የሚመዝኑት መደማመጥን፣ የመድረክ አያያዝንና አለባበስን ነው። በመደማመጥ ሙሉ ነጥብ ያገኘው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ እርስ በርሱ ሲሰዳደብ የነበረው ቡድን ሆነ። ለምን ሲባሉ አንደኛው ዳኛ "ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር" አሉ። ምን ይባላል?

በየሰፈሩ ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ተሸናፊ ይከፍላል። ያለ ባነር፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ክብር እንግዳ ይሄው ዘመን ተሻገረ። አሁን ሳስበው ኋላ ቀርነት ነው።

5ኛው ቡድን መሃል ላይ ደርሶ መብራት ሄደ። ማሽን እዚህ ጋ ነው የሚዋረደው። መብራት ሲሄድ ነጥቡን ይዞ ይጠፋል። ኮሚቴ ግን በጨለማም ይሠራል። ቡድኑ በግማሹ 90 ነጥብ ይዞ ነበር። ግማሹ 90 ከሆነ ሙሉው 180 ነው የሚል የሒሳብ ሰው አይጠፋም። ኮሚቴው በስልክ መብራት ተወያይቶ 240 ሰጠ። ትርፉ 60 ለሞራል ነው።

7ኛው ቡድን ተራው ሲደርስ ሁለት አባላቱ የሉም። ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል። ጌሙ ለዚህ መላ አለው፤ ለ2 ተጫዋች የሚጠይቀውና ለ4 የሚጠይቀው ነጥብ የተለያየ ነው። ማን ጠየቀው? ከተመልካች ሁለት ልጆች ተነስተው ሞሉላቸው። አንደኛው በአጋጣሚ የኮሚቴው ሰብሳቢ ልጅ ነበር። በአጋጣሚም የሱ ላይክ በረከተ።

በመጨረሻ ሁለት ቡድኖች እኩል ወጡ፤ 7ኛውና ስድብ አዋቂዎቹ። ሌላ ኩሽና ከፍቶ አንድ ዙር ማጫወት ለሰነፍ አዘጋጅ ነው። ኮሚቴው ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው አስነስቶ ኳስ አጋጠማቸው። አዎ፣ የኳስ ጌም። አንድ ለአንድ። ባነሩ ከኋላቸው ተሰቅሎ ነበር። ድሩ ተፈትቶ አንበሳው በፍጹም ቅጣት ምት ታሰረ። 7ኛው ቡድን አሸነፈ። ሽልማቱ ጆይስቲክ ነው። አንድ ጆይስቲክ፣ ለ4 ሰው። ተራ በተራ ይዘውት እንዲያድሩ ይሆናል።

ከዚያ ደግሞ የዕለቱ ኮከብ ተጫዋች ተመረጠ። በትብብር ውድድር ኮከብ እንዴት ይመረጣል እንዳትሉ፤ ተመረጠ። ሁለቴ ኩሽናውን ያቃጠለው ልጅ ነው። ዳኞቹ "ሁሌም እንቅስቃሴ ውስጥ ነበር" አሉ። እውነት ነው፣ እሳት ሲያጠፋ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሙሉ ቀን ሳህን ስታጥብ ነበር። ቡድኗ አንድም ጊዜ ሳህን አላጣም፣ አንድም ትእዛዝ አላለፈበትም። ማሽኑ ካወጣቸው ቁጥሮች ትልቁ የእነሱ ነው። ዳኞቹ ግን በመድረክ አያያዝ ዜሮ ሰጧት። "ከአንድ ቦታ አልተነቃነቀችም፤ ሳህን ማጠብ ደግሞ ችሎታ አይደለም" ተባለ። 5ኛ ወጡ።

ልንወጣ ስንል ሰብሳቢው ከኋላ ጠሯት። የክብር እንግዶቹ ምሳ የበሉባቸው ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል። ኮሚቴው አዳራሹን ሳያጸዳ ቢወጣ ማስያዣው አይመለስለትም አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ እባክሽ እነዚህን ለቅለቅ አድርጊልን። መቼም ትችዪበታለሽ።"

ቦርሳዋን ለእኔ አቀበለችኝና እጅጌዋን ሰበሰበች።

"እሺ ጋሼ" አለቻቸው፣ "ይሄኛው በደቂቃ ነው የሚያዘው በላይክ?"