ውዳሴ ለማይለወጥ አሰልጣኝ

ዓለም ሁሉ «ተለወጥ፣ ተማር፣ ዘመኑን ምሰል» እያለ በሚያደናቁረን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን እምቢ ብሎ ሲቆም ማየት ምንኛ ያጽናናል! ስለ ጂምቦ ፊሸር ነው የማወራው፤ ከምኖርበት ከሂዩስተን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚርቀው በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ አሰልጣኝ ስለነበረው። (እግር ኳስ ይሉታል እንጂ ኳሱን የሚይዙት በእጅ ነው። እሱን ሌላ ቀን እናማቸዋለን።)

ሰውየው በከንቱ የገነነ አይደለም። በ2013 የውድድር ዘመን፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ የፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ቡድን ይዞ 14 ጊዜ ተጫውቶ 14 ጊዜ አሸነፈ፤ ለሻምፒዮናው ኦበርንን 34 ለ31 የረታውም 13 ሰከንድ ሲቀር ነው። እንግዲህ ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ ወዲያ ምን ይማራል?

በ2017 መጨረሻ ኤ ኤንድ ኤም የ10 ዓመት፣ የ75 ሚሊዮን ዶላር ውል አስፈረመው፤ ቢባረርም የሚከፈል። በመጣ ሰሞን ቻንስለሩ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ የነበሩት ጆን ሻርፕ፣ የብሔራዊ ሻምፒዮና መታሰቢያ ሰሌዳ አበረከቱለት። የጎደለው ዓመቱ ብቻ ነበር፤ «20» ይልና ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል እንሰማ ነበር እንጂ ላሟ ተቀርጻ በስጦታ ስትቀርብ ያየነው ያኔ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ጨዋታው መልኩን ቀየረ። ቡድኖች በየመሃሉ ክብ ሠርቶ መመካከሩን ትተው፣ ተጫዋቾቻቸውን በሜዳው ስፋት በትነው፣ ተከላካዩ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ቀጣዩን ኳስ ያስጀምሩ ጀመር። ፊሸር በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ረዳቱ ሆኖ የሠራለት፣ ኋላ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ የሆነው ኒክ ሳባን ይህን ጥድፊያ በአደባባይ አማረረ፤ አማርሮ ሲያበቃ በ2014 ሌን ኪፊንን የማጥቃት ጨዋታው አሰልጣኝ አድርጎ ቀጥሮ ራሱ ገባበት። ዋንጫ መሰብሰቡንም ቀጠለ። እንዴት ያለ ወላዋይ ነው! ደቀ መዝሙሩ ግን እንዲህ ካለው ውርደት ራሱን ጠበቀ። ውስብስቡን የጨዋታ ዕቅዱን እንዳቀፈ፣ የማጥቃት ጨዋታውን ራሱ እያዘዘ፣ በዝግታ ቀጠለ። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ ነው የሚሉ ምቀኞች ዘፈኑ ስንት እንደሚያወጣ አያውቁም።

በ2021 መስከረም፣ ውሉ ገና ስድስት ዓመት ሲቀረው፣ እስከ 2031 ተራዘመለት፤ ደመወዙም በዓመት ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። በወሩ ያንኑ ሳባንን 41 ለ38 አሸነፈና ከሳባን የቀድሞ ረዳቶች አለቃውን የረታ የመጀመሪያው ሆነ። ከዚህ በኋላ ማን ይምከረው?

አሁን ወደ መስከረም 2022 እንምጣ። ኤ ኤንድ ኤም ከሰሜን ካሮላይና ተራሮች አፓላቺያን ስቴት የሚባል ቡድን ጋበዘ፤ መጥቶ እንዲሸነፍለት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ከሜዳቸው ጨዋታ በፊት ባለው እኩለ ሌሊት ተማሪዎች ስታዲየም ገብተው ጩኸት ይለማመዳሉ። አዎ፣ ጩኸት። በማግሥቱ ጩኸቱ እንከን አልነበረውም። ከጨዋታው 60 ደቂቃ ግን ኳሱ ከ40 በላይ የቆየው በተከፋዮቹ እንግዶች እጅ ነው። 17 ለ14 አሸንፈው፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው ወደ ተራራቸው ተመለሱ። እንግዳን እንዲህ የሚሸኝ ሕዝብ ይባረክ!

ያ ዓመት በአገሪቱ አንደኛ ከተባሉ አዲስ ምልምሎች ጋር በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ተዘጋ። እኛ የቁርጥ ቀን አድናቂዎቹ ደነገጥን፤ ሊለወጥ ነው ተባለ። ደግነቱ የማጥቃት ጨዋታውን እንዲመራለት አዲስ ደም ብሎ የቀጠረው አሰልጣኝ ቦቢ ፔትሪኖን ሆነ፤ ስሙ በሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ የገነነው ከ2003 እስከ 2006 በነበረው ጊዜ ነው። ተንፈስ አልን።

ኅዳር 2023 ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ10 ባሸነፈ ማግሥት ተባረረ። ለስንብቱ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ በየዓመቱ እየተቆራረጠ፣ ሌላ ሥራ ቢያገኝም የማይቀነስ። ዩኒቨርሲቲውም ያን ሰሌዳ ከመጋዘን ቢያስወጣው ባዶው ቦታ ላይ የሚጽፈው አያጣም፤ ክፍያው የሚያበቃው በ2031 ነው።