ክርክሩ ከስልኩ በፊት ወይስ በኋላ?

የጋዜጠኛን የመረጃ ምንጭ ምስጢር በመጠበቅ በወረቀት ብቻ ከተወዳደርን ኢትዮጵያ የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥት ትቀድማለች። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ጉዳዩን ለይቶ አንስቶታል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ግን ጋዜጠኛ ምንጩን እንዳይናገር የሚከላከል ሕግ እስካሁን አላጸደቀም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1972 በብራንዝበርግ ጉዳይ፣ ጋዜጠኛ በግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት አይመሥረት በሚወስን የዜጎች ሸንጎ) ፊት ከመመስከር ነጻ የሚያደርገው ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም ሲል 5 ለ 4 ወስኗል። የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኛዋ ጁዲት ሚለር በ2005 ምንጬን አልናገርም ብላ 85 ቀን ታስራለች። ጥበቃው በአብዛኛው የክፍለ ግዛቶች ነው። ካሊፎርኒያ በሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገብታዋለች፤ ያልታተመ ማስታወሻና ያልተላለፈ ቀረጻም በጥበቃው ሥር ነው።

ታዲያ አሜሪካ ያለው ዲያስፖራ «እዚህ ይሻላል» የሚለው በምን ቆጥሮ ነው? እኔ የማየው ልዩነት መንግሥት ማስረጃውን በሚያገኝበት መንገድ ላይ ነው። ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1971 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጋዜጣ ቢሮ ፎቶ ፍለጋ በረበረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ብርበራውን ሕጋዊ ነው ቢለውም ኮንግረስ በ1980 እንዲህ ያለውን ብርበራ የሚገድብ ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኛው ራሱ በወንጀሉ ካልተጠረጠረ፣ ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ፣ የሥራ ቁሳቁሱ በብርበራ ማዘዣ አይወሰድም ማለት ይቻላል። በመጥሪያ ነው የሚጠየቀው። መጥሪያ የመልስ ቀን አለው፤ ጠበቃ «ይሰረዝልኝ» ይላል፣ ዳኛ ይሰማል። በማዘዣ የመጣ ፖሊስ ግን ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ ክርክሩ የምንጩ ስም ከታየ በኋላ ነው።

እዚያም ሕጉ ይጣሳል። በነሐሴ 2023 ካንሳስ ውስጥ ፖሊስ ማሪዮን ካውንቲ ሪከርድ የተባለውን ጋዜጣ ቢሮና የጋዜጣውን ባለቤት ቤት በረበረ። በቀናት ውስጥ ግን ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ዕቃው እንዲመለስ አደረገ።

የእኛ ጉድለት አንቀጽ ማጣት አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አንቀጽ 86 በመገናኛ ብዙኃን በተፈጸመ ወንጀል የሚከሰስ ሰው ለተጨማሪ ምርመራ ሳይታሰር በቀጥታ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። መዝገቡ ላይ «ሁከት ማነሳሳት» ወይም «ሽብር» ሲጻፍ አንቀጹ ይዘለልና ተጠርጣሪውን አስሮ ለመመርመር ጊዜ ቀጠሮ ይጠየቃል፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን። የተለመደው ምክንያት «ስልኩ ለቴክኒክ ምርመራ ተልኳል፣ ውጤቱ አልደረሰም» ነው። ምንጩን ተናገር ብሎ የሚያስገድድ አያስፈልግም፤ ስልኩ ይናገራል።

ስለዚህ ጠበቃ በመጀመሪያው ችሎት ስለ ዋስትና ብቻ ባይከራከር ጥሩ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 የሚፈለገው ነገር በማዘዣው ተለይቶ እንዲጻፍ ይጠይቃል፤ «ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች» ማለት ደግሞ መለየት አይደለም። ተቃውሞውን በዚያው መዝገብ ማስመዝገብ፣ ስልኩ እንዲታሸግ፣ ከተከፈተም ዳኛ በሚወስነው ወሰን ብቻ እንዲሆን ማመልከት ይገባል። በብርበራው ዕለት የተያዙ ዕቃዎች ዝርዝር ላይ ሲፈረምም፣ ስልኩ ውስጥ የምንጭ ምስጢር መኖሩን ከፊርማው ጎን መጻፍ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ግን የስልክ ድርጅቱን መዝገብ አይዘጋም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞችን የሁለት ወር የጥሪ መዝገብ በምስጢር ወስዶ የዜና ድርጅቱ ያወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ነበር። ሲም ካርድ በስም በሚመዘገብበት አገራችን ደግሞ ማን ለማን እንደደወለ ለማወቅ ከጋዜጠኛው ጋር መነጋገርም አያስፈልግም።