ክርክር፦ ጨለለቃ መጀመሪያ ይለካ ወይስ ይከለል?

ከሐዋሳ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱ ጅረቶች ጨለለቃ ረግረግ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ ጥቁር ውሃ ወንዝ ሆነው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይዘልቃሉ። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ቢሆን የትኛው ይቅደም? የረግረጉን ውሃና ፕላንክተን (አልጌን ጨምሮ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ሕያዋን) በየወሩ መለካት ወይስ ረግረጉን ከግጦሽና ከእርሻ መከለል? አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርትና አንድ ዓሣ አስጋሪ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህርቷ፦

መለካቱ ይቅደም እላለሁ። በበጋ አንዴ፣ በክረምት አንዴ ናሙና ወስዶ የዓመቱን ሁኔታ መናገር ያሳስተናል። አልጌ ሲመቸው በአንድ ሁለት ቀን እጥፍ ይሆናል። የዓሣ ጫጩት የሚመገባቸው ጥቃቅን እንስሳትም፣ ሮቲፈሮቹ በቀናት፣ ኮፔፖዶቹ በሳምንታት ትውልድ ይተካሉ። ከየካቲት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ስንቱ መጥቶ ስንቱ ይሄዳል!

ክረምትን እንውሰድ። ጎርፉ ከማሳው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ጠርጎ ያመጣል፣ ማለትም ለአልጌ የሚሆን ምግብ። ያው ጎርፍ ግን ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም፤ ምግቡ ሞልቶ አልጌው ላይበዛ ይችላል። በነሐሴ ብቻ የለካ ሰው ጥቂት አልጌ ያይና «ደህና ነው» ብሎ ይመለሳል። ዝናቡ አቁሞ ደለሉ ሲዘቅጥ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ የሐይቁ የላይኛው ውሃ ከብዶ ይወርዳል፤ ግርጌ የተከማቸው ንጥረ ነገርም ወደ ብርሃን ይወጣል። ያኔ ማን ነበር የለካው?

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን ከዓሣው ጋር ይሻማል። ከረፋዱ አራት ሰዓት የተወሰደ ልኬት መልካም ሊሆን ይችላል፤ ዓሣ የሚታፈነው ግን ጎህ ሲቀድ ነው።

ወጪው ደግሞ እንደሚፈራው አይደለም። ጥቁርና ነጭ የተቀባች ሳህን በገመድ ታስራለህ፣ ከዓይንህ እስክትሰወር ትለቃታለህ፣ ገመዱን ትለካለህ፤ የውሃው ጥራት በሜትር ተነገረህ። ለፕላንክተኑ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድተህ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ሉጎል አዮዲን ጠብ ታደርግበታለህ። ከዚያ ማይክሮስኮፕ ሥር እስኪገባ አይበላሽም።

ዓሣ አስጋሪው፦

መምህርት፣ ያሉትን አልክድም። ጨለለቃ ግን በ1964 ዓ.ም. ገደማ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ረግረግና ሣር ነው፣ ከብት ይግጥበታል። ይህን ለማየት ማይክሮስኮፕ አላስፈለገንም። ተራራው ሲራቆት አፈሩ ወረደና ሞላው።

ደንገልና ፊላ ባለበት ውሃው ይዘገያል፣ ደለሉም እዚያው ይቀራል። በሌለበት ግን ጎርፉ ሳይገታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። በነሐሴ የጥቁር ውሃ አፍ ላይ ብትቆሙ ቡናማው ውሃ ንጹሑን እየገፋ ሲሄድ ድንበሩ በዓይን ይለያል። መረብ ስንጎትት የሚከብደን ዓሣው እየመሰለን ጭቃው ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ በምድር ላይ መውጫ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀመጣል። የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት የምታድገው ዳር ዳር ባለው ሣር ውስጥ ነው። ሣሩን ከብት ከጨረሰው፣ እናንተ የምትቆጥሩት ፕላንክተን ቢሞላ ማን ሊበላው ነው?

ጉዳዩ ታውቋል። አሁን ደግሞ እንለካ ካልን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ ረግረግ ሁልጊዜ አጣሪ ነው ያለው ማነው? ጭቃው ኦክስጅን ሲያጣ አስሮ ያቆየውን ፎስፈረስ መልሶ ይለቃል። ደንገሉም በጊዜው ካልታጨደ ሲበሰብስ የያዘውን ሁሉ ለውሃው ይመልሳል። በየትኛው ወር እንደሚይዝ፣ በየትኛው እንደሚለቅ የምናውቀው በመግቢያውና በመውጫው በየወሩ ስንለካ ብቻ ነው። ከብቱን ከሣሩ የምናስወጣው ገበሬም «ምን ተገኘበት?» ብሎ ይጠይቀናል፤ መልስ የማግኘት መብት አለው። እኔ የሚያስጨንቀኝ በባዶ እጅ ፊቱ መቆም ነው።

ሌላም አለ። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው አልጌ አንዳንዱ ዝርያ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። በአዳማ አቅራቢያ ባለው በቆቃ ሐይቅ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ሲንሳፈፍ የታየው ይኸው ነው። ይህ መርዝ ውሃውን በማፍላት አይጠፋም። ከሐይቅ ዳር ቀድታ ለልጆቿ የምታፈላ እናት መጠንቀቅ ያለባትን ወር ማን ይንገራት? አጥር አይነግራትም።

ዓሣ አስጋሪው፦

የእናቲቱ ነገር ልቤን ነክቶታል። እንግዲያው ሳህኑንና ገመዱን ለእኛ ስጡን። ጎህ ሲቀድ ጀልባ ላይ ያለነው እኛ ነን፤ የኦክስጅን መለኪያውንም አሠልጥኑንና እንይዘዋለን። ለአንድ ባለሙያ መኪናና አበል የሚወጣው ገንዘብ ለችግኝና ለጥበቃ ይዋል።

ከብቱም በደፈናው ይውጣ አላልኩም። ሣሩ እየታጨደ ለባለ ከብቶቹ ይሰጥ፤ ደንገሉም በዚያው ይታጨዳል፣ ይበሰብሳል ያሉትም ይቀራል። ከጥቁር ውሃ መነሻ ዳርና ዳር ይጀመር፣ ከሰኔ በፊት።

የዓመቱ ቁጥር እስኪሟላ መከለሉ ይቆይ ከተባለ ግን አልስማማም። ዘንድሮ ሐይቁ ውስጥ የሚገባውን ደለል ከርሞ የሚያወጣልን የለም።