ሳይካትሪ ተምረዋል ማለት መልስ አይሆንም

ሰሞኑን በአንድ ውይይት ላይ አንድ የሕክምና መምህር የተናገሩት ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። የሕክምና ተማሪዎች ለአእምሮ ሕመም ያላቸውን የተዛባ አመለካከት የሚያርም ትምህርት ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ ሲያጣጥሉ፣ ተማሪዎቹ ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ስለሚማሩ ተጨማሪው የጊዜ ብክነት ነው አሉ። ይህ አልበቃ ብሏቸው፣ ጫናውን ያልቻለ ሌላ ሙያ ይፈልግ ብለው ደመደሙ።

ከኋለኛው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣና በ47 አገሮች የተሠሩ 195 ጥናቶችን የፈተሸ ትንተና፣ ከሕክምና ተማሪዎች 27 በመቶ ያህሉ ድብርት ወይም ምልክቶቹ እንዳሉባቸው አሳይቷል። ከእነዚህ ውስጥ ሕክምና የፈለጉት 16 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከአራት ተማሪ አንዱን ልናሰናብት ነው? የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሻሻለው ቃለ መሐላ እንኳ ሐኪሙ የራሱንም ጤና እንዲጠብቅ ያስምላል። ተማሪው ለምን ሕመሙን እንደሚደብቅ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እንዲህ የሚናገሩት መምህር ነገ ውጤቱን የሚሞሉለት ሰው ናቸው።

ሳይካትሪ ይማራሉ የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉም የደከመው ነው። ተማሪው በሳይካትሪ ዋርድ የሚያገኘው ማንን ነው? ሕመሙ የጸናበትን ሰው፣ በጸናበት ሰዓት። እንቅልፍ ያጣውን፣ ማንም የማይሰማው ድምፅ የሚሰማውን፣ ቤተሰብ እያባበለ ያመጣውን። ሰውየው ሲሻለው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተማሪውም ልምምዱን ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ዋርድ ያልፋል። ያ ታካሚ ሥራው ላይ ተመልሶ፣ ልጆቹን እያሳደገ ሲኖር ተማሪው አያየውም። የምልክቶቹን ዝርዝር ሸምድዶ፣ እነዚህ ሰዎች አይድኑም የሚል እምነት ይዞ ይመረቃል። ሕመሙ የአንጎል ነው ብሎ ማስተማርም ብቻውን አይበቃም፤ ታማሚውን ከወቀሳ ቢያተርፈውም፣ ሰሚው የመዳን ተስፋ እንዲቆርጥ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ጠንካራ ማስረጃ ያለው መንገድ ሌላ ነው፦ በሕመሙ ያለፈ ሰው ከተማሪዎቹ ፊት በእኩልነት ቆሞ ሲናገር መስማት፣ መጠየቅ፣ መከራከር። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በአእምሮ ሕመም ላይ ያለውን መገለል ለማስቆም ያቋቋመው ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2022 ያለው ይህንኑ ነው። የዳነ ሰው በታካሚነት ሳይሆን በመምህርነት ክፍል ይግባ ማለት ምኑ ነው ብክነቱ?

ብክነት ማየት የፈለገ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ደረቴን ወጋኝ ያለ ሰው ካርዱ ላይ ስኪዞፍሬኒያ (ከባድ የአእምሮ ሕመም) የሚል ከተገኘ፣ ይሄማ የሳይካትሪ ነው ይባልና ኢሲጂው (የልብ ምርመራው) ይዘገያል። አጠገብ የቆመው ተማሪ ይህን ያያል፣ ይቀስማል። ንቀትን በስላይድ ያስተማረው የለም፤ ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ ነው የተማረው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ፤ በአብዛኛውም መከላከል በሚቻል የአካል በሽታ። በዚህ ውስጥ የሐኪም ንቀት እጁ የለበትም የሚለኝን አላምነውም።

አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ውጤቱ ቶሎ እንደሚደበዝዝ አልክድም። ስለዚህ በየዓመቱ ይሰጥ፣ ራውንድ የሚመሩት ሲኒየሮችም ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ይስሙ። የታመመውን ተማሪ የሚያክመው ሐኪምም በምንም ምክንያት ውጤት የሚሰጠው መምህሩ አይሁን፤ ይህንን ለመወሰን ሌላ ጥናት መጠበቅ አያስፈልግም።